እትዬ ፍሬን እና የመጨረሻ ተማሪያቸው

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግራታል። «ሰው እሸኛለሁ» ስትል ብዙዎቹ አውቶቡስ ተራ የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱማ «እንግዲያው ለእኔም በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ያዢልኝ» ይላታል። ቀድሞ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። አሁን ሐኪሞች «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ያሏቸውን በሽተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄደች አጠገባቸው ትቀመጣለች። የሚሉትን ትሰማለች፤ ቤተሰቡ ሊናገረው የፈራውን እንዲነጋገር ታግዛለች፤ ሞት ሲቃረብ ምን እንደሚመስልና ምን ማድረግ እንደሚበጅ አስቀድማ ትነግራቸዋለች። መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒትም አታዝዝም፤ ለዚያ አብራት የምትሠራ ነርስ አለች። «ድሮ እቀበል ነበር፣ ዛሬ እሸኛለሁ» ትላለች ስትቀልድ። «እንግዳን በር ላይ ብቻውን መተው ያኔም ነውር ነበር፣ ዛሬም ነውር ነው።» ሰዉም ሸኚዋ እያለ ይጠራት ጀመር።

ከሸኘቻቸው ሁሉ እንደ እትዬ ፍሬን ያሳቃት የለም።

እትዬ ፍሬን ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። የማስተማሪያዋ መኪና በአስተማሪው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አላት፤ እሳቸው ግን ከእግራቸው አፋቸው ይቀድም ነበር። «ፍሬን!» ብለው ሲጮኹ ተማሪው ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚያልፈው እግረኛም ቀጥ ይል ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ያቺኑ መኪና ገዝተው ግቢያቸው አስገቧት። ባለቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ እሳቸውንም ደንበኞቻቸው ጋሼ ምላጭ ይሏቸዋል። የስንቱን ሰው ጉሮሮ ሲላጩ እጃቸው ውልፍት ብሎ የማያውቅ ሰውዬ፣ የመኪና መሪ ሲጨብጡ ግን እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ። በወጣትነታቸው አንዴ ሞክረው የጎረቤት አጥር ጥሰው ገብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ «የኔ ቦታ ከጎን ነው» ብለው ተቀምጠው ቀሩ።

ሸኚዋ መጀመሪያ የሄደች ዕለት በሩን የከፈተላት ልጃቸው ነበር። ከሚሠራበት ከተማ እናቱን ለማስታመም የመጣ መሐንዲስ ነው። ገና ጫማዋን ሳትጠርግ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፦

«እህቴ፣ እማዬ በሽታው ምን እንደሆነ አታውቅም» አላት። «ወገብ የምታሽ ባለሙያ ናት ብያታለሁ። እባክሽ እንደዚያ በያት።»

«ያልጠየቁኝን አልናገርም» አለች ሸኚዋ። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ልጁ ሌላ ነገር ሊል ሲል ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ያቺን ልጅ በር ላይ ምን ታደርጋታለህ? ትግባና በሩን ዝጋው!»

እትዬ ፍሬን በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው የክብሪት እንጨት ቢያክልም ዓይናቸው ግን ያው የአስተማሪ ዓይን ነው። ሸኚዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና፦

«ወገብ ታሺያለሽ?»

«ኧረ እኔ እቴ!»

«አውቄያለሁ። የምታሽ ሰው ጥፍር እንዲህ አያድግም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ የኔ ልጅ፤ እንደምሞት አውቃለሁ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሲያንሾካሹክ ጆሮዬ አልታመመም ነበር። ልጄ የማላውቅ ስለሚመስለው፣ እንዳይደነግጥ ብዬ ያላወቅሁ መስዬ እኔ እሱን እያስታመምኩት ነው። አባቱም ያው ነው። ተራ በተራ ኩሽና ገብተው ያለቅሱና፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሲመጡ ሽንኩርት ነው ይሉኛል። በዚህ ቤት ሽንኩርት ካለቀ ሰንብቷል!»

ሸኚዋ ሳቋ አመለጣት። እትዬ ፍሬንም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሲቀየርባቸው ውሃ አቀመሰቻቸውና ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?»

ሞት ነው የሚሉ መስሏት ነበር።

«ያ ሰውዬ ነዋ!» አሉ ወደ ሳሎኑ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ገበያ የማደርሰው እኔ፣ ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ። ከተማ ዳር ያለችው እህቱ ጋ አውቶቡስ የሚባል ነገር አይደርስም። እኔ ስሄድ እንደ ተበላሸ መኪና እዚህ ግቢ ቆሞ ዝገት ሊበላው ነው። መንዳት ሳላስተምረው አልሞትም።»

«ይህን ነግረዋቸዋል?»

«እንዴት አድርጌ? ሞት የለም እየተባባልን!»

የሸኚዋ ሥራ እዚህ ላይ ጀመረ። በእትዬ ፍሬን ፈቃድ አባትና ልጅን ጠርታ አልጋው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። እሷ ራሷ ንግግር አላደረገችም፤ «እትዬ የሚሉት አላቸው» ብቻ አለች።

«እኔ እንደምሞት አውቃለሁ» አሉ እትዬ ፍሬን። «እናንተም ታውቃላችሁ። ሽንኩርቱ ይብቃ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ምላጭ አፋቸውን ከፍተው ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «እኔማ አንቺ እንዳታውቂ ብዬ...» ብለው ሳይጨርሱ እንባቸው ቀደማቸው። ሦስቱም አለቀሱ፤ ግን እዚያው አልጋው ላይ ተቃቅፈው። ቆይተው ጋሼ ምላጭ በመሀረብ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ ሽንኩርት የለም ወይ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የመኪናው ነገር ሲነሳ ግን ልጁ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«መቀመጥ እንኳ እያቃታት መኪና? አይሆንም!»

ነርሷ ተጠየቀች። የሕመም ማስታገሻው ቀድሞ ከተሰጣቸውና አጭር ከሆነ ችግር የለውም አለች። ልጁ አሁንም እንቢ። ሸኚዋ ተከትላው ወደ ግቢው ወጣች።

«የፈራኸው ምንድን ነው?» አለችው።

ልጁ ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ ሳይነቅል መለሰላት። «እዚያው መኪናው ውስጥ ብትሞትብኝስ?»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሸኚዋ። «አብሬያችሁ እሆናለሁ። እንደዚያ ቢሆን ምን እንደምናደርግ አሁኑኑ እንነጋገር።»

ሞተሩን አጥፍተው፣ ሳይጣደፉ፣ እጃቸውን ይዘው እንደሚቀመጡና ከዚያ ነርሷን እንደሚጠሩ አንድ በአንድ ነገረችው። የፈራው ነገር በቃል ሲነገር መልክ ያዘለት መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ መሣሪያ ይዞ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከጎን ያለውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኛ፤ በትራስና በብርድ ልብስ አመቻቸ፤ ራሱ እየተኛ ሞከረው፤ ተነስቶ እንደገና አስተካከለው። በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባቸው።

ከሰፈሩ መጋዘን ጀርባ ሰፊ ባዶ ሜዳ ነበር፤ ልጁ ነድቶ እዚያ አደረሳቸው። ሸኚዋ ውሃና ማስታወኪያ ሳፋ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች፤ ልጁ ከአጠገቧ። ጋሼ ምላጭ መሪው ፊት ተቀምጠው ስፖኪዮውን አስተካከሉ፤ ከዚያም ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ስፖኪዮው የኋላውን ለማየት ነው፣ ጢምህን ለማየት አይደለም!» አሉ እትዬ ፍሬን። ድምፃቸው ቢደክምም ቁጣው አልጎደለም።

ሞተሩ ተነሳና ጠፋ። ተነሳ፣ እንደ ፍየል ዘለለ፣ ጠፋ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው! ቀስ! ምላጭ ስታሳርፍ እንደምታደርገው!»

ይህ ገባቸው። መኪናዋ በለዘብታ ተንቀሳቀሰች፤ ግን ወደ ኋላ። የመጋዘኑ ዘበኛ ወንበሩን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። «ፍሬን!» ብለው ጮኹ እትዬ ፍሬን፤ መኪናዋም ዘበኛውም ባሉበት ቆሙ።

እንዲህ እያሉ ቀናት አለፉ። ዘበኛው በኋላ ወንበሩን ራቅ አድርጎ መመልከት ለመደ፤ ጎረቤትም እየመጣ ያጨበጭብ ጀመር። አንድ ቀን እትዬ ፍሬን «ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም? ማርሽ ቀይር! የት ነው የምታየው?» እያሉ ሲያጣድፏቸው፣ ጋሼ ምላጭ መሪውን በቡጢ መቱና፦

«ዝም በይ! እያሰብኩ ነው!» አሉ።

ልጁ የፊቱን ወንበር ያዘ። አባቱ እናቱን ሲቆጡ ሰምቶ አያውቅም። ጋሼ ምላጭ ራሳቸው ደንግጠው ዞሩ። እትዬ ፍሬን ግን ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

«እሰይ!» አሉ። «አሁን ነጂ ሆንክ። በል ወደፊት!»

ጋሼ ምላጭ ሜዳውን ሙሉ በሙሉ ዞሩት፤ ማርሹም አልተንገጫገጨም። ሸኚዋ ከኋላ ሆና ብርድ ልብሱን ለማስተካከል ጎንበስ ስትል የእትዬ ፍሬንን እግር አየች። ከአስተማሪው የፍሬን ፔዳል ርቆ በብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልሏል። ቀና ብላ አየቻቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጠቀሷት። ከመጀመሪያውም መርገጥ የሚችል ጉልበት አልነበራቸውም፤ መኪናዋን ሁልጊዜ የሚያቆሙት ጋሼ ምላጭ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ከአልጋ መውረድ አልቻሉም። ሸኚዋ አባትና ልጅን አስቀምጣ የሚመጣውን ነገረቻቸው፤ እንቅልፍ እንደሚበዛ፣ ምግብ እንደሚያስጠላቸውና እንዳያስገድዷቸው፣ ትንፋሻቸው ቆም እያለ እንደሚቀጥል። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ አሳየቻቸው። «ዓይናቸውን ቢጨፍኑም አውሯቸው» አለች። «ይሰሙ ይሆናል።»

«ምን እናውራት?» አለ ልጁ።

«የምታወሩትን ሁሉ።»

ልጁ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጥያቄዎች እያነበበ አባቱን ይፈትን ጀመር። ጋሼ ምላጭ የሚስታቸውን ፀጉር በሞቀ ውሃ እያጠቡ፣ እያበጠሩ ይመልሳሉ። መልሳቸው ስህተት ሲሆን እትዬ ፍሬን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። «እሺ እሺ፣ ተሳስቻለሁ» ይላሉ ጋሼ ምላጭ፤ ጣቱም ይወርዳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ሳለች፣ ልጁ «ከጋራዥ የሚወጣ መኪና ቅድሚያ ለማን ይሰጣል?» ብሎ ጠየቀ።

«በመንገዱ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ፤ ለእግረኛውም» አሉ ጋሼ ምላጭ።

ሦስቱም የእትዬ ፍሬንን ጣት አዩ። አልተነሳም። ትንፋሹ ቆም አለ፤ ረዘም ብሎ አንዴ መጣ፤ ከዚያ ግን አልተመለሰም። ሸኚዋ ጠጋ ብላ የእጃቸውን ትርታ አዳመጠች፤ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። «የሚያጣድፍ ነገር የለም» አለች። «እዚሁ ሁኑ።»

ጋሼ ምላጭ ማበጠሪያውን እንደያዙ፦

«መልሴ ትክክል ነበር ማለት ነው?» አሉ።

ልጁ እያለቀሰ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። የጀመሩትን ፀጉር አበጥረው እስኪጨርሱ ማንም አላቋረጣቸውም። ሸኚዋ ውሃ ልትጥድ ስትነሳ ልጁ ቀደማትና ሻዩን ራሱ አፈላ፤ ሦስቱም እዚያው አልጋው አጠገብ ሆነው ጠጡ።

ጋሼ ምላጭ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ። ሁለተኛውን አለፉና በዚያው ሳምንት እህታቸው ጋ ሄዱ። በየመንገዱ ስንት ክላክስ እንደተነፋባቸው ለሸኚዋ በስልክ ሲያወሩላት እንደ ጀብዱ ነበር። ቆይተው ፀጉር ቤታቸውን ዘግተው መጡና፣ «የኔ ልጅ፣ እኔስ ላግዝሽ አልችልም?» አሏት።

«አጠገብ መቀመጥ ይችላሉ?»

«እሱን ተክኜበታለሁ።»

አብረው የሄዱበት የመጀመሪያው ቤት ሚስታቸው የታመሙባቸው የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሰውዬው በሩን ከፍተውላቸው ወደ ጓዳ ሄዱ። ጋሼ ምላጭ ተከትለዋቸው ሲገቡ ሽማግሌው ያደፈ አንሶላ ታቅፈው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ፊት ተገትረው አገኟቸው።

«ይሄ ቁልፍ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሼ ምላጭ። «እስቲ እንጫነው።»

ማሽኑ ጮኸ፤ ከታች ውሃ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለሉ። «በሩን ሳትዘጉት ነው እናንተ ሰዎች!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከበሽተኛዋ ክፍል ተሰማ። ሸኚዋም ከአልጋው አጠገብ ተነሳችና፣ ሽማግሌው ሚስታቸውን በደንብ እንዲሰሙ የመኝታ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።