ከቦዩና ከአጥሩ መሀል

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ውስጧ ደንዝዟል። ሲያጽናኗት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ጧት ጧት መጸለይዋን አልተወችም፤ እሱም ቢሆን ቃሉ ካፏ ይወጣል እንጂ ልቧ ጋ አይደርስም።

ከምትኖርበት ፎቅ ጀርባ፣ በቦይና በአጥር መሀል፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ክፍት ቦታ ነበር። ጎረቤቱ ተባብሮ አትክልት ያልማበት ያለችው እሷ ናት። ለምን ብትባል፣ እጅ ሥራ ሲፈታ ያስቸግራል፣ አለቀ። የባሏ ታናሽ ወንድም ልብስ ሰፊው ጎረቤቱን አስተባበረ። ስባሪ ጠርሙሱን ለቀሙ፣ ላስቲኩን ከአፈሩ መዝዘው አወጡ፣ መሬቱን ገለበጡ።

ፈቃድ ሊጠይቁ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ የፕላን ክፍሉ ኃላፊ ካርታውን ዘርግቶ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ የተያዘ ነው አላቸው። እግራቸው እስኪቀጥን ተመላለሱ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ማኅተም የያዘችው ወጥታለች። በስንት ልመና ለጊዜው ትከሉ ተባሉ። ደንቡ ግን ከቦዩ ራቁ፣ ከአጥሩ ራቁ፣ ከመብራት ምሰሶውም ራቁ ይላል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ቢለካ የተረፈው መሬት አንድ አልጋ ያህል ሆነ።

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ተበተነ። ልብስ ሰፊውም አካፋውን ጣለ።

"እትዬ፣ ይቅርብን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል እንጂ ሲሄድ ያየ የለም።"

"አልጋ አይናቅም" አለችው። "እኔ የተቀበልኩት ሰው ሁሉ የተወለደው አልጋ ላይ ነው።"

"ይሳካል ብለሽ ታምኛለሽ?"

ከአፈሩ አንድ የቀረ ስባሪ ጠርሙስ ለቀመች።

"ስጸልይ ምንም አይሰማኝም። እግዜር ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። ግን ተነስቼ እጸልያለሁ። ይኸም እንደዚያው ነው።"

ወንድሜ ያገባው ድንጋይ ነው እያለ አካፋውን አነሳ። ካሮት ዘሩ። ቡቃያው ብቅ እንዳለ ተቆጣጣሪ መጥቶ የዳሩ መደዳ ወሰን አልፏል አለ። አዋላጇ በገዛ እጇ ነቀለችው። ማልቀስ ይገባት እንደነበር ታውቃለች፤ እንባ ግን አልመጣም። በማግስቱ የቀረውን ልታጠጣ ወረደች።

ጧት ጧት ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ በየመስኮቱ ያዩዋት ጎረቤቶች እያፈሩ ወደ ሥራው ተመለሱ። ልብስ ሰፊው መርቷቸው ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠኑ፤ የሚመላለሰው ሰው ሲበዛ ኃላፊውም ሰለቸው መሰለኝ፣ ነገሩን ለጉባኤ አቀረበው። መኪና ማቆሚያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የቦዩ ዳር ተከልክሎ የቀረው ለእነሱ ተፈቀደ።

ልብስ ሰፊው ይህን ሊነግራት እየሮጠ ሲመጣ አረም ላይ ነበረች። ተመስገን አለች። ደስታውን ከውስጧ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። አንድ ካሮት ነቅላ በቀሚሷ ጠርጋ ገመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምግብ ሁሉ አፏ ውስጥ እንደ ወረቀት ነበር፤ ይኸኛው ጣፈጣት። ሌላ ነቅላ ሰጠችው፤ ቆመው በሉ።