አሥራ አምስት ሰከንድ

ለአዛውንቱ «በረዶ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ላክቴት ሲለኩ፣ ያለ በረዶ የመጣ የደም ብልቃጥ ከበር ይመልሱ ነበር። ላክቴት ጡንቻ ሲጨነቅ ደም ውስጥ የሚጥለው ነገር ነው። «ደም ከባለቤቱ ተለይቶም ሥራ አይፈታም፤ ካላቀዘቀዛችሁት እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ሲያመርት ይቆያል» ይሉ ነበር።

ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። ሩጫ ሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ያያሉ። የአሠልጣኙ ሕግ አጭር ነው፦ በታዘዘው ፍጥነት አምስት ዙር ሮጦ ላክቴቱ ከአራት ያለፈ፣ ቡድኑ ውስጥ አይገባም።

ልጅቱ ጨርሳ መጣች። ላቧ በክንዷ ወርዶ ከጣቶቿ ጫፍ ይንጠባጠባል። አሠልጣኙ ክብሪት የምታህል መሣሪያ አውጥቶ ጣቷን ወጋና ጠብታዋን አስነካት።

«አሥራ አምስት ሰከንድ!» አለ ኮራ ብሎ።

በእሳቸው ጊዜ አርባ ደቂቃ ነበር። ደሙ ከቀዘቀዘ አሲድ ጋር ይደባለቃል፣ ማሽከርከሪያው እያጓራ ዝቃጩን ይለያል፣ ኢንዛይም ይጨመርና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ደሙን የምታመጣው ነርስም ውጤቱን ይዛ መመለስ ስላለባት በርጩማው ላይ ትጠብቃለች። የመጀመሪያ ቀን ከበር ሲመልሷት፣ «በረዶው ቀለጠ ትላለህ፤ እኔስ በሩጫ ቀልጬ የለም እንዴ?» ብላቸው ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ያቺ አርባ ደቂቃ ግን የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ባጓራ ቁጥር ትመጣባቸዋለች።

«ዘጠኝ ነጥብ ሁለት» አለ አሠልጣኙ። «አዝናለሁ እህቴ፣ አልሆነም።»

«እግሬ እኮ ገና ምንም አላለውም!» አለች ልጅቱ።

«እግር ይዋሻል፤ መሣሪያ አይዋሽም።»

በረዶ መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን ለምነው ተነሡ። «ልጄ፣ ጣቷን ጠርገሃል?»

«ምኑን አባባ?»

«ላቡን። ላብ ውስጥ ያለው ላክቴት ከደሙ ይበልጣል። ላቧን ለክተህ ነው ልጅቷን የምታባርራት።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ አዲስ መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያው አዲስ ነው። ላብ ግን ድሮም ነበረ።»

አሠልጣኙ ጭንቅላቱን አከከ። «አሁንማ ዐርፋለች፤ መውረዱ አይቀርም።»

«በሦስት ደቂቃ ከዘጠኝ ወደ አራት የሚወርድ ሰው ካገኘህ፣ ሳትለካ ቡድንህ ውስጥ አስገባው!»

አሠልጣኙ ሳቀና ተሸነፈ። በረዶ የልጅቱን እጅ በውሃ አጥበው፣ በመሐረባቸው እስኪደርቅ አሹት። አሠልጣኙ ሌላ ጣት ወጋ። የመጀመሪያዋን ጠብታ አስጠርገው፣ ሁለተኛዋን አስነኩት።

ልጅቱ መሣሪያው ላይ አጎነበሰች። እሳቸው እንደ ልማዳቸው «ቁጭ በይ፣ ይቆያል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መሣሪያው ጮኸ።

«ሦስት ነጥብ ስድስት።»

ልጅቱ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ የቀረው ላብ ሁሉ ኮታቸው ላይ አለቀ።

«አባባ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ቢያግዙኝስ?» አለ አሠልጣኙ፣ መሣሪያውን እያየ።

«እመጣለሁ። ግን ሁለት በርጩማ አስቀምጥ።»

«ለአሥራ አምስት ሰከንድ?»

«ማን ያውቃል» አሉ መሐረባቸውን እያጠፉ፤ «አንድ ቀን ባትሪው ያልቅ ይሆናል።»