መቶ ስምንት ደረጃ

እሳት አደጋ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የረጠቡ ቱቦዎች ተሰቅለው የሚደርቁበት ግንብ አለ። ውስጡ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ መቶ ስምንት። ዝሆኔ ይህን ቁጥር ከልጆቹ የልደት ቀን ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። ዝሆኔ ያሉት ለግዝፈቱ ነው፤ ጥንዱን ደግሞ ለቅጥነቱ ሽቦ ይሉታል። በዚያ ጣቢያ መሰላል የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከኋላ ቀበቶውን ይዞ ይከተለዋል፤ ጥንድ ማለት ያ ነው። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተያይዘው ስለኖሩ፣ የዝሆኔ ሚስት «አንተ እኮ የተጋባኸው ከሽቦ ጋር ነው፤ እኔ ምግብ አብሳይህ ነኝ» እያለች ትተርበዋለች።

በየዓመቱ ፈተና አለ። ሁለት ጥቅል ቱቦ ትከሻ ላይ አድርጎ መቶ ስምንቱን ደረጃ በሁለት ደቂቃ መጨረስ። ያልጨረሰ ከመሰላል መኪናው ወርዶ ስልክ ተቀባይ ይሆናል። ስልክ መቀበል ነውር ሆኖ አይደለም። ዝሆኔ ግን ደወል ሲደወል ልቡ ቀድማው መኪናው ላይ የምትወጣ ሰው ነው፤ ከወንበር ላይ ሆኖ ሌሎቹ ሲወጡ ማየት ለእሱ በቁም መቀበር ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ ቀኝ ጉልበቱ አመፀበት። ከአንድ የተቃጠለ መጋዘን ሲወርድ ወለም ብሎት ነበር፤ እሱ ረሳው፣ ጉልበቱ ግን አልረሳም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ቅባት እንዳጣ ማጠፊያ ይንቋቋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እግሩን አጥፋ ዘርግታ አየችውና፦

«በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ሳስቷል» አለችው። «በልኩ ከሆነ ተለማመድ። በየሳምንቱ ግን ሰዓትህን ተመልከት። እያጠረ ከመጣ ጉልበትህ ተቀብሎታል ማለት ነው። ከቆመ ወይም ከረዘመ ወዲያው አቁም። እልህ አያዋጣህም።»

አለቃውም አልጨከነበትም። «ወሩ ሳያልቅ ማመልከቻ ካስገባህ ፈተናህን ስድስት ወር አራዝምልሃለሁ፤ እስከዚያ ከመሰላሉ ታርፋለህ። ወሩ ካለፈ ግን እጄ የለበትም» ብሎታል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ሰዓቱ ላይ ወደቀ። በጣቢያው ልማድ ደግሞ ሰው የራሱን ሰዓት አይይዝም፤ ጥንዱ ነው የሚይዝለት። የጥንድ ቃል አይመረመርም። ቀበቶህን፣ ማለትም ነፍስህን፣ የሰጠኸውን ሰው ሰዓትህን አሳየኝ ብትለው ስድብ ነው።

በየማለዳው ዝሆኔ ቱቦውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሽቦ ሰዓት ይዞ ከታች ይቆማል። ዝሆኔ ጫፍ ሲደርስ የብረት መደገፊያውን በመዳፉ ይደበድባል፤ ሽቦ አንጋጦ ይጮኻል።

«ሁለት ደቂቃ ከሃያ!»

ሳምንት ቆይቶ፣ «ሁለት ከስምንት!»

ከዚያም፣ «አንድ ከሃምሳ ስምንት! አንተ ሰውዬ፣ ዝሆን ነህ ሚዳቋ?»

ዝሆኔ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን በሁለት እጁ እያሸ ይስቃል። ያመዋል። እንዲያውም ብሶበታል፤ ማታ ሚስቱ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ስታስርለት ትራሱን ነክሶ ነው። ግን ሰዓቱ አጥሯል፤ ሰዓቱ ካጠረ ሕመሙ የመዳን ነው።

«ሊድን ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው» ይላታል።

«ይህ ጉልበት ገና ሳይድን ይገድልሃል» ትለዋለች።

የወሩ መጨረሻ ላይ አለቃው «ማመልከቻውስ?» ሲለው፣ ዝሆኔ ደረቱን ነፍቶ «አንድ ከሃምሳ ሁለት ገብቻለሁ፣ ለምን ብዬ?» አለ።

ለፈተናው ከሌላ ጣቢያ ሰዓት ያዥ መጣ። ዝሆኔ ወጣ። ሰባኛው ደረጃ ላይ ጉልበቱ ውስጥ የጋለ ብረት የገባ መሰለው፤ ግን እግሩ አልቆመም፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የሮጠው። ጫፍ ደርሶ ብረቱን ደበደበ።

«ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ» አለ እንግዳው።

«ሰዓትህን ቀይር፣ ወንድም!» ብሎ ሳቀ ዝሆኔ። ከዚያ ቁልቁል ሽቦን ፈለገው። ሽቦ አላንጋጠጠም። አጎንብሶ የጫማውን ክር ያጠብቅ ነበር።

«ልምምድ ላይ አንድ ከሃምሳ ሁለት ይገባል አላላችሁም?» አለ አለቃው።

«እንጃ፣ ዛሬ ደንግጦ ይሆናል» አለ ሽቦ፣ ሳይቃና።

ዝሆኔ ደረጃውን መደገፊያውን ይዞ አንድ በአንድ ወረደና ሽቦን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አገኘውና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስንት ነበር?»

«ምኑ?»

«አትቀልድብኝ። እውነተኛው ስንት ነበር?»

ሽቦ ፎጣውን አጠፈ፤ ዘረጋ፤ መልሶ አጠፈ። «መጀመሪያ ሁለት ከሃያ። ከዚያ እየረዘመ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ከሠላሳ አምስት።»

«ጉልበቴን የምለካው በዚያ ሰዓት እንደነበር ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ላበረታታህ ብዬ ነው፣ በናትህ። ፊትህ ሲበራ ሳይ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ማመልከቻ ማስገቢያው እስኪያልፍ ድረስ?»

ሽቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብታራዝም ስድስት ወር ከማን ጋር ሊያጣምሩኝ ነው? ቀበቶዬን ካንተ ሌላ ይዞት የሚያውቅ የለም። እኔ እኮ ከፍታ እፈራለሁ፣ ዝሆኔ። አሥራ አንድ ዓመት የወጣሁት አንተን ተማምኜ ነው። በፈተናው ቀን እንደምንም ይወጣዋል አልኩ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ዝሆኔ ተረት ይመስለው ነበር። በየማለዳው ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ሚዳቋ መባል፣ ለካስ የሰው ፍርሃት ማስታገሻ ኖሯል።

«ተነስና ለአለቃው ተናገር። ሰዓቱ ውሸት እንደነበር ከሰማ ምናልባት ያራዝምልኛል።»

«ሰዓት የዋሸ ጥንድ ከመኪናው ይወርዳል። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ።»

«እኔስ ድመት ነው የማሳድገው?»

ዝሆኔ ብድግ አለ። ጉልበቱ ከዳው። ሽቦ በአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ክንዱን ከብብቱ ሥር አስገባለት፤ ዝሆኔም በዚያው ልማድ ክብደቱን ሁሉ ጣለበት። ዓይን ለዓይን እስኪገጣጠሙ ድረስ ምን እያደረጉ እንደሆነ አላስተዋሉም። ከዚያ ዝሆኔ ክንዱን መንጭቆ ወሰደና ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

አለቃው ውጤቱን አዘጋጅቶ ብዕር ዘረጋለት። «ፈርም።»

«ከመፈረሜ በፊት ሰዓቴ እንዴት ይያዝ እንደነበር ልንገርህ» አለና ዝሆኔ ሁሉንም ነገረው። ከኋላው በሩ ላይ ሽቦ አንድ ጊዜ ብቻ «ዝሆኔ» ሲል ሰማው፤ አልዞረም።

አለቃው ብዙ ከጻፈ በኋላ «ውጡና ጠብቁ» አላቸው። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። በሁለቱ ጫፍ ተቀመጡ።

«ያምሃል?» አለ ሽቦ ቆይቶ።

«ያመኛል» አለ ዝሆኔ፣ የአለቃውን በር እያየ።