ድንኳን የታሰረበት ጣሪያ

የልጄ የሃኒ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ሊሆን ሲወሰን እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቤታችን ግቢ ይሁን። አባቷን አብተውን ካቻምና ከዚሁ ግቢ ነው የሸኘነው። የለቅሶ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ለደስታ ሳይተከልበት ከቀረ ለቅሶው እንደተቀመጠ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ለሃኒ ያልኳት "ቤት እያለን አዳራሽ ምን ያደርጋል?" ብቻ ነው።

እሷ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት።

"እማዬ፣ በጥር የናዝሬት ንፋስ እንዴት እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ይሄ ጣሪያ ዳስ ቢታሰርበት ይችላል?"

"የአባትሽን ድንኳን ችሎ የለ?"

"መቻሉን በምን አወቅሽ? ልየው።"

ልየው ስትል መሰላል አትወጣም። ሃኒ የምትሠራው የቤት ጣሪያ በድሮን እያየ ጉዳቱን ለባለቤቱ በሚያሳይ ድርጅት ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ እንደሆነ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ እንደሆነ፣ አሸንዳው ተደፍኖ እንደሆነ ማንም ሳይወጣ ከላይ አንስታ ታመጣለች። መልካሳና ሻሸመኔ ድረስ ይጠሯታል። ሥራውን የጀመረች ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ድሮን የሚባለውን የማውቀው በዜና ነው፤ በዜና ደግሞ ለደግ ነገር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ሰላይ ናት ብለው ቢይዟትስ? ሰው አናት ላይ ቢወድቅባትስ? የድርጅቱን ፈቃድ ኮፒ አስደርጌ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱን የኮቷ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሌላው ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው። ብትታሰር ይዤ የምሮጠው እሱን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ድሮኑን ግቢው መሃል አስቀመጠችው። ከትሪ አይበልጥም። ሰው እንዳይገባ ብዬ የግቢውን በር ቆለፍኩ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር እንዴት እንወጣለን ብዬ መልሼ ከፈትኩት። እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ ከአጥሩ በላይ ሲወጣ ጎረቤታችን ሃፍሳ ከወዲያ ማዶ ጮኸች።

"የሃኒ እናት! ፀጉሬን ታጥቤ ገና አልተከናነብኩም፤ ምንድን ነው እሱ?"

"የኛን ጣሪያ ነው ሃፍስዬ፣ ወደናንተ አይዞርም!"

"ዐይኑ በየት በኩል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ሃኒ ድሮኑን መልሳ አወረደችው። "እትዬ ሃፍሳ፣ ተከናንበሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ እጠብቅሻለሁ።"

ትንሽ ቆይቶ ሃፍሳ ሻሿን አስራ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "በይ አሁን አብርሪው። እንዲያውም የኛንም ማድ ቤት እዪልኝ፤ ሲዘንብ ድስቱ ውስጥ ነው የሚገባው።"

ከላይ ጭልፊት መጣችበት። ዞረችው፣ ዞረችውና ንቃው ሄደች። እኔ ግን ተሰብሮ ሃፍሳ አናት ላይ ሲወድቅ ታይቶኝ ስለነበር ሃኒ የያዘችውን ስልክ ማየት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

የቤቴን አናት ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ እግር ነጠላ ጫማ አለ፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስፈራ የኖርኩት መሃሉን ነበር፤ ከአልጋዬ በላይ ያለውን። መሃሉ ደህና ነው። ሃኒ ካሜራውን ወደ በረንዳው በኩል፣ ወደ ክፈፉ ወሰደችው። እዚያ የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ከንፈር ወደ ላይ ተገልብጧል። ከሥሩ ያለው እንጨት ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል። ሚስማሮቹ ግማሽ ድረስ ወጥተዋል።

"እዚህ ጋ ምን ታስሮ ነበር?" አለችኝ።

"ገመድ።"

"የምን ገመድ?"

"የአባትሽ ድንኳን ነዋ።"

የኛ ሰፈር አፈር አሸዋ ነው፤ ካስማ አይዝም። የቀረው ግቢ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ የእድራችን ድንኳን በአንድ በኩል ሁልጊዜ ቤቱ ክፈፍ ላይ ይታሰራል። የአብተው ለቅሶ ጊዜ ንፋሱ አላርፍ ብሎ ነበር። ሸራው እየተነፋ ቤቱን ወደ ላይ ሲጎትተው፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮው ሲንቋቋ እሰማ ነበር። ጣሪያው ሊሄድ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ግን ባሏን ያጣች ሴት ስለ ቆርቆሮ ብታወራ ሰው ምን ይላል? 

ሃኒ ድሮኑን እዚያው በኛ ግቢ ላይ ከፍ አደረገችው። ሰፈሩ በሙሉ ታየ።

"ያ ጥግ ላይ ያለው የማን ነው? ክፈፉ እንደኛው ተነስቷል።"

"የእነ ተሻለች ቤት ነው። ወንድሟ ያረፈባት ጊዜ..."

"ያኛውስ? ሰማያዊ በር ያለው።"

"የዘርፉ። እናቷን የቀበረች ጊዜ።"

"ከጎኑ ያለው ግን ደህና ነው።"

"እነሱ አዲስ ገቢዎች ናቸው። ገና ምንም አልደረሰባቸውም።"

ለቅሶ የገባበት ቤት ሁሉ ከላይ ሲታይ ይታወቃል። በረንዳው በኩል፣ ያው ቦታ ላይ፣ ጠርዙ ተነስቷል።

"በቃ፣ አዳራሽ ይሁን" አለች ሃኒ።

"አይጠገንም?"

"ይጠገናል። እንጨቱም ቆርቆሮውም ይቀየራል። ግን ዳሱ መልሶ ከታሰረበት ያው ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ከሥሩ ሰው ሞልቶ ነው የሚውለው።"

ይህን ልትነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ቆርቆሮው ተነቅሎ የሙሽራውን የኪዳነወልድን እናት አንገት ሲመታ በሐሳቤ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ልቤ እሺ አላለኝም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጫምሳ ዘንድ ላክሁ። በሰፈራችን ድንኳን ያለ እሳቸው አይተከልም።

ማታውኑ መጡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ። "አካም ሸዋዬ፣ ፈያዳ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ።

"ፈያዳ፣ ጋሽ ጫምሳ።"

ሃኒ ፎቶውን አሳየቻቸው። "ጋሽዬ፣ ይህን ያደረገው ድንኳኑ ነው።"

"ድንኳኑ?" ስልኩን ከፊታቸው ራቅ አደረጉት። "እኔ በዚህ ሰፈር ድንኳን ስተክል አንቺ አልተወለድሽም። የሄደ ጣሪያ አለ? አንድ ጥሪልኝ!"

"እስካሁን የለም።"

"እስካሁን! ቁርጥ እናትሽን።" ወደኔ ዞሩ። "ድንኳን ከቤት ተነጥሎ ሲቆም የት ታይቷል? ሐዘንተኛ ከበሩ ሲወጣ ፀሐይ ሳያገኘው ነው ጥላው ውስጥ የሚገባው። ቤቱና ድንኳኑ አንድ ናቸው።"

"ልክ ነዎት" አልኩ፤ ሽማግሌ ከማስቀይም ብዬ።

"ልክ አይደሉም" አለች ልጄ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። "ከፈቀዱልኝ ነገ የእርስዎንም ልየው።"

"እዪው! የኔ ቆርቆሮ ገና አዲስ ነው።"

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ እሳቸው ግቢ ሄድን። ድሮኑ ተነሳ። ጋሽ ጫምሳ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቆርቆሮው እውነትም አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። በረንዳው በኩል ግን ገመድ የላጠው ቀለም ይታያል፤ ጠርዙም ብድግ ብሏል። 

"የኤቢሴ ድንኳን ነው" አሉ በመጨረሻ። ኤቢሴ ባለቤታቸው ነበረች። "ይሄንን በእጄ ነው ያሰርኩት። ሌላ ሰው በደንብ አያጠብቀውም ብዬ።"

ስልኩን መለሱላትና ቤት ገቡ። አስቀየምናቸው፣ ከእንግዲህ እድሩም አይተባበረንም ብዬ ቀኑን ሙሉ ስሰጋ ዋልኩ። ለካ ሲያስቡ ነው የከረሙት። ሳምንቱ ሳይሞላ በራችን ላይ ቆመው ግቢውን በእርምጃ ሲለኩ አገኘኋቸው።

"ዳሱ ለብቻው ይቆማል" አሉ። "በቤቱ በኩል ድንጋይ የሞሉ በርሜሎች እናቆማለን፤ ምሰሶው እነሱ ውስጥ ይገባል። ንፋሱ የሚመጣው ግን ከአጥሩ በኩል ነው። እዚያ በርሜል አይበቃም። የሚከብድ ነገር ያስፈልጋል።"

የሃፍሳ ባል ኑሬ ከአጥሩ ውጪ አይሱዙውን እያጠበ ነበር። ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስበት ነው።

"ኑሬ! ይሄ መኪናህ እንዴት ነው፣ ይከብዳል?"

"ጭኖ ነው ሳይጭን?"

"ጭኖ።"

"ምን ጭኖ?"

"ድንጋይ።"

"ጋሽ ጫምሳ፣ ድንጋይ ጭኜ ላቆመው ነው እንዴ መኪና የገዛሁት?"

"ለሃኒ ሠርግ ነው።"

"እንደሱ አይሉኝም ታዲያ!"

ጣሪያው ተጠገነ። እንጨቱም ቆርቆሮውም ተቀየረ፤ ሃኒም በድሮኗ ደግማ አየችውና ደህና ነው አለች። እኔ ግን አሁን ደግሞ ኑሬን መፍራት ጀመርኩ። ኑሬ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስልክ ከተደወለለትና ጭነት አለ ከተባለ ግራ ቀኙን አያይም። ዳሱን ከነእንግዳው ጎትቶ መቂ መንገድ ላይ ሲወጣ ይታየኛል። ስለዚህ በሠርጉ ጠዋት፣ መኪናው ድንጋዩን ጭኖ አጥሩን ተጠግቶ ከቆመና ገመዶቹ ሻንሲው ላይ ከታሰሩ በኋላ፣ እጄን ዘረጋሁለት።

"ቁልፉን።"

"እትዬ ሸዋ፣ አያምኑኝም?"

"አምንሃለሁ። ቁልፉን ስጠኝ።"

እየሳቀ ሰጠኝ። በመቀነቴ ቋጠርኩት።

እኩለ ቀን ላይ ንፋሱ እንደፈራሁት መጣ። ሸራው ተነፋ፤ ገመዶቹ ተወጠሩና ይዘምሩ ጀመር። አይሱዙው በባሌስትራው ላይ ሲወዛወዝ በአጥሩ በላይ ይታያል። እንግዳው ይበላል፣ ይጨፍራል። ሃፍሳ በወዲያኛው ጥግ የሙስሊሞቹን ድስት ይዛ ታስተናግዳለች። እኔ እስክስታው መሃል ጎትተውኝ ገብቼ እንኳ ቀና ብዬ ክፈፉን ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ወደ ሃኒ ስዞር እሷም ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ቀና ብላለች። ዐይን ለዐይን ተያየንና ሳቀች።

ሁሉን አስበን ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ሙሽራው ሲመጣ መኪኖቹ መግባት አቃታቸው። አይሱዙው መንገዱን ዘግቶታል። ጡሩምባው ተንጫጫ፣ ሚዜዎቹ ወርደው መጮህ ጀመሩ። ኑሬ እየሮጠ መጣ።

"እትዬ ሸዋ፣ ቁልፉን! ሙሽራው ውጪ ቀረ!"

"በእግሩ ይግባ።"

"ሙሽራ በእግሩ?"

"መኪናው ከተነሳ ዳሱ ይሄዳል። በእግሩ ይግባ አልኩህ።"

ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። "እንዴት ነው ነገሩ? ወዳጅነት ፈልገን መጥተን መኪና ይዘጋብናል?"

ሠርጉ እዚሁ ላይ ፈረሰ አልኩ። ጋሽ ጫምሳ ግን ከዳሱ ወጡና ከሰውየው ፊት ቆሙ።

"ወንድሜ፣ ለዛሬ እሱ መኪና አይደለም፤ ምሰሶ ነው። ምሰሶ ደግሞ ከነድንኳኑ ካልሆነ አይነሳም።"

ሽማግሌው አይሱዙውን አዩ፤ የተወጠሩትን ገመዶች አዩ፤ ሸራው ሲነፋ አዩ። በዚህ መሃል ኪዳነወልድ ራሱ ከመኪናው ወርዶ በአጥሩና በአይሱዙው መካከል በጎኑ እየተሽሎከሎከ መጣ። ጥቁር ሱፉ አቧራ ለብሷል። ሚዜዎቹ ተከተሉት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌውም ጋቢያቸውን ሰብስበው በዚያው ቀዳዳ ገቡ።

ሃኒም የወጣችው በዚያው ነው። ንፋሱ ቬሏን ወስዶ የአይሱዙው ስፖኪዮ ላይ ጠመጠመው። ሚዜዎቹ ሲጎትቱት "ተዉት ይቀደዳል" ብላ ራሷ ፈታችው። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ጆሮዬ ላይ ያለችኝ እንደ ሌላ ሙሽራ አልነበረም።

"እማዬ፣ ዳሱ ሲፈታ ከንፋሱ በኩል እንዳይጀምሩ።"

"እሺ" አልኳት። 

ሰዉ እየጨፈረ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ጋሽ ጫምሳ ጎረምሶቹን አዘዙ፤ ከቤቱ በኩል ጀምረው ሸራውን አወረዱት። ቀና ብዬ ክፈፉን አየሁ፤ አዲሱ ቆርቆሮ እንደተኛ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚመለሱት ሰዎች ሳቅና እልልታ ይሰማል። ያኔ ነው ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት።

ኑሬ መጥቶ እጁን ዘረጋ። "እትዬ ሸዋ፣ አሁንስ? ለነገ ጭነት ተደውሎልኛል።"

መቀነቴን ፈታሁና ቁልፉን ያዝኩት።

"መጀመሪያ ድንጋዩን አራግፍ" አልኩት። "እንደጫንክ ቁልቁለት ብትወርድ ፍሬንህ አይዝም።"