ባሕር ዳር እጠብቅሻለሁ

ሸማ ተራ ውስጥ የሰዓደትን ምላስ የማይፈራ አልነበረም። የምትሸጠውን ነጠላ ሊያጣጥል አፉን የከፈተ ገበያተኛ፣ ከእሷ መልስ በኋላ ሦስት ሱቅ አልፎ ነው አፉን የሚዘጋው። በልጅነቷ ከወሎ መጥታ፣ አንዴ አግብታ፣ አንዴ ፈትታ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ የራሷን መደብ የያዘች ሴት ናት። እንደገና ስለማግባት ያነሳባት ካለ፣ የመጀመሪያውን እስክረሳው ድረስ ልረፍበት ትለዋለች።

እንድሪስን ግን እንደሌላው አላባረረችውም። እንድሪስ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው። ጅማ ነው ሲሉት ጎንደር፣ ጎንደር ነው ሲሉት ወደብ። መርካቶ በገባ ቁጥር የመንገዱን አቧራ ከፊቱ ሳይጠርግ መጥቶ መደቧ ፊት ይገተራል። ሦስት ጊዜ አግቢኝ አላት። በሦስተኛው ሰዓደት ለቀልድ ያህል፣ ከአቃቂ ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይቼ አላውቅም፣ ውሃ አሳየኝና አገባሃለሁ አለችው። ሰውዬው ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ቁም ነገር አድርጎ ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ አንዲት ከተማ ሆነ። ከውሃ ውስጥ የበቀለች የምትመስል የጥንት ከተማ ናት፤ ቤቶቿ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የታነጹ፣ መስኮቶቿ እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ። ጀልባ ላይ ሆነው ካላዩዋት አትታይም አላት። ውሃዋ ጨው ነው፣ አንዴ የቀመሰው አይረሳውም አላት። ስሟን ስትጠይቀው ግን ይስቃል። ስትደርሺባት እነግርሻለሁ ነው መልሱ። ሰዓደት ፊት ለፊቱ ታሾፍበታለች፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ አሠርታ፣ ገዢ ሲጠይቃት የተሸጠ ነው እያለች ከመደቡ ሥር ደበቀችው። ለማን እንደተሸጠ ተራው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ እንድሪስ ሁለት ወር ጠፋ። በሦስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው ፖስታ ቤት አላየም። ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲቀባበሉት ከርሞ፣ ደመቀ የሚባለው የእንድሪስ ጓደኛ ደሴ ላይ ከሌላ ሾፌር ተቀብሎ አመጣላት። ከየት እንደተነሳ እሱም አያውቅም። ሰዓደት ጥለት እንጂ ፊደል አትለይም፤ እንደ ወትሮው የጎረቤቷን ልጅ ዙህራን ጠራቻት። ዙህራ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፣ ሲያወሯት ግን አራተኛ ክፍል ከዩኒቨርሲቲ በላይ ይመስላል። የክር ከረጢት ላይ ተደላድላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች።

"የሻዕባን ወር መጀመሪያ ሐሙስ ጠዋት ባሕር ዳር እጠብቅሻለሁ። በጀልባ ይዤሽ ወጥቼ ከተማዋን ከውሃው ላይ አሳይሻለሁ። ከመጣሽ ኒካሑን እዚያው እናስራለን። ካልመጣሽ እንቢ እንዳልሽኝ አውቃለሁ። አልቀየምሽም፣ ደግሜም አላስቸግርሽም።"

ሰዓደት ሦስቴ አስነበበቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባሕር ዳር የት ነው አለች።

ዙህራ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ነው የምትመስለው። ጎጃም ነው፣ ጣና ላይ ነው፣ ዓባይ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ መጽሐፌ ላይ ካርታው አለ፣ ላምጣልሽ ወይ አለች። ሰዓደት ካርታ አላስፈለጋትም። ተጽፏል፣ ተነቧል፣ የቀረው መሄድ ነው።

ለዘመድ ደሴ አክስቴ ጋ ነኝ አለች። መደቧን ለጎረቤቷ ለሀጅራ አደራ ሰጥታ፣ አረንጓዴውን ነጠላ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሁለት ቀን ሙሉ ተንገጫገጨች። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ሴቱ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ እሷ ኒካሑ ላይ ምን እንደምትል ታስብ ነበር። በቃ እሺ ብቻ ማለት አይሆንላትማ።

ሐሙስ ጠዋት ሱብሒ ሰግዳ፣ ነጠላዋን ለብሳ ውሃው ዳር ቆመች። ውሃው ማዶ የለውም። ለራሷ፣ ይሄስ ይገባዋል አለች፤ ለዚህ ባል ማግባት አይከፋም። ከተማይቱ ግን እሱ እንዳላት አልሆነችባትም። የተፈለፈለ መስኮት ፈልጋ አጣች፤ ያየችው ቆርቆሮ፣ ዘንባባና ታንኳ ላይ እንጨት የጫኑ ሰዎች ነው። የወደደ ሰው ያጋንናል ብላ አለፈችው።

ፀሐይ ወጣች። ረፈደ። እንድሪስ የለም።

አራት ሰዓት ገደማ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ሽማግሌ ባለጀልባ ወደ ክብራን ገዳም ለመሳለም የሚሄዱ ሰዎች ሲያሳፍር አየችው። ከውሃው ላይ ሆና ብትመለከት ዳርቻው በሙሉ ይታያታል፤ እንድሪስ የትም ይቁም የት አታጣውም። ይህን አስባ ገባች። ባለጀልባው መንገዱን ሙሉ የጥንት ነገሥታት አጽም ያረፈበት ደሴት ወዴት እንደሆነ፣ መነኮሳቱ ከየትኛው ዘመን ጀምሮ እንዳሉ እየጠቆመ ተረከ። ተሳላሚው ወደ ደሴቱ ሲያይ እሷ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ዳርቻውን ትቆጥራለች። አንድ ነጭ ሸሚዝ ባየች ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ ጀልባዋ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል።

ክብራን ሲደርሱ ወንዶቹ ወረዱ። ሴት አይወጣበትም። ሰዓደትና ባለጀልባው ጀልባው ላይ ቀሩ። ጥላ የለም። ጠማትና እጇን ወደ ውሃው ሰደደች፤ ከዚያ የእንድሪስ ወሬ ትዝ አላትና እጇን መለሰች።

"ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ጨው ነው አይደል?"

"የቱ? ይሄ?" ሽማግሌው ሳቀ። "ጠጪው እንጂ ልጄ፣ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።"

ዘግና ቀመሰችው። የምንጭ ውሃ ነው። ሌላ ዘገነች። እሱም ያው።

"ጨው ነው ብሎኝ ነበር" አለች።

"ማን እንዳለሽ እንጃ እንጂ፣ የጨዉ ሌላ ነው። ምጽዋ ነው። ወታደር ሳለሁ ነበርኩበት። የጥንት ከተማ፣ ቤቱ ሁሉ ከባሕር ድንጋይ። ማታ ማታ እዚያ ባሕር ዳር ቁጭ ብለን…"

ሽማግሌው ወሬውን ቀጠለ፤ ሰዓደት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። እዚያ ባሕር ዳር። እንድሪስ የጻፈው የከተማ ስም አልነበረም። ባሕሩ ዳር እቆማለሁ ነው ያላት። አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ በሌላ ውሃ ጫፍ ቆሞ መንገዱን እያየ ነው።

ምጽዋ በመኪና ስንት ቀን ነው ብላ ጠየቀችው። በጎንደር ዞረሽ፣ መኪና ከቀናሽ አራት ቀን አላት። ጀልባውን አዙርልኝ አለችው። የት ልትደርሽ ነው ልጄ አላት፣ በደግ ድምፅ፤ ሰዎቹም ከገዳሙ ገና አልተመለሱም። እውነቱን ነው። የት ልትደርስ ነው።

ሲመለሱ ተሳላሚዎቹ ነጠላዋን ፊቷ ላይ መጎተቷን አይተው ውሃ ፈርታ ነው ተባባሉ። አንዱ አሽቺው ብሎ ሎሚ ሰጣት። ተቀበለችው። ከተማይቱ ከውሃው ላይ እየቀረበች መጣች፣ ታምራለችም። እንድሪስ ልክ ነበር፤ ከተማ ከውሃ ላይ ሲያዩት ሌላ ነው።

ከጀልባው ወርዳ በቀጥታ ቴሌግራም የሚላክበት ቢሮ ገባች። ጸሐፊው ወረቀት አውጥቶ ለማን አላት። ለእንድሪስ አለች፣ ሾፌር ነው፣ ምጽዋ። አድራሻው የት ተብሎ ይጻፍ አላት።

"ባሕር ዳር" አለች ሰዓደት።

"ባሕር ዳርማ እዚህ ነው፣ እትዬ" አለ ጸሐፊው።

ወረቀቱን መለሰችለትና ወጣች።

መርካቶ ተመልሳ ለማንም አልተነፈሰችም። ዙህራ አገባሽ ወይ፣ ጀልባው እንዴት ነው፣ ካርታው ላይ እንዳለው ነው ወይ እያለች ስትነዘንዛት፣ አልመጣም ብቻ አለቻት። ዙህራ እንድሪስን ስድስት ቀን ሙሉ ሰደበችው። ሰዓደት አንድም ቀን ተይ አላለቻትም፤ ተይ ካለች ለምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርባት ነው።

በሰባተኛው ቀን ደመቀ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ዓይኗን ሳያይ ነው ያወራው። የእንድሪስን መኪና ተረከብ ተብሎ ምጽዋ ተልኮ ነበር። እንድሪስ ሐሙስ ከሱብሒ እስከ አመሻሹ የዐስር ሶላት ባሕሩ ዳር ቆሞ ዋለ። ጀልባ ተከራይቶ፣ ለኒካሑ ሼኽ አስጠርቶ ነበር። በመጨረሻ ቃል ቃል ነው ብሎ ብቻውን ጀልባው ላይ ወጣና ከተማዋን አንድ ዙር ዞራት። በማግስቱ ሳምቡክ በሚሏት ባለሸራ ጀልባ ወደ ጂዳ ተሻገረ። አድራሻ አልተወም።

"ባትፈልገኝም ውሃውን ትቅመሰው ብሎ ይሄን ላከልሽ" አለና በጨርቅ የተወተፈ የአራንቻታ ለስላሳ ጠርሙስ አስቀመጠላት።

ደመቀ ሲሄድ ሰዓደት ጨርቁን ነቅላ መዳፏ ላይ አፈሰሰች። ቀመሰችው። ረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ ያዘችው።

ዙህራ ደግሞ ያየችውን ሳትቀምስ አታድርም። ጣቷን ነክራ ላሰችና ፊቷን አኮማትራ ተፋችው።

"ኤጭ፣ ይሄ የጣና ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ የየት ነው?"

"የባሕር ዳር" አለች ሰዓደት።

ዙህራ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ጠርሙሱን አየች፣ ሰዓደትን አየች፣ ከንፈሯ ባሕር ዳር፣ ባሕር… ዳር እያለ ያለ ድምፅ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ያቺ ወሬኛ ልጅ የክር ከረጢቱ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

"የተጻፈውን ነው ያነበብሽው" አለቻት ሰዓደት። "ነይ ያዢልኝ ይሄን ጫፍ።"

አረንጓዴውን ነጠላ አብረው አጠፉትና ከሌሎቹ ጋር መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ አንድ ገበያተኛ አንስቶት፣ ክርክር ለምዶ ነውና ግማሽ ዋጋ ጠራ። ሰዓደት እሺ ውሰደው አለችው። ሰውዬው ደነገጠ። ነጠላውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፣ ጥለቱን በጥፍሩ ፈተገው፣ የሆነ ነውር ባይኖረው እንዲህ አትለቀውም አለና መልሶ አስቀምጦት ሄደ።