ሙክት አይሸትም

የሌላው ሰው ባል ሲወሰልት ሽቶ ሸቶ ይገባል፤ የእኔው አውራ ፍየል ሸቶ ገባ። መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። ባሌ የኔሰው አመሻሽ ላይ ከታችኛው መስክ ሲመለስ ጋቢውን ተቀብዬ ልሰቅል ስል ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ፍየል ያረባ ሰው ያውቀዋል፤ ሴት ሲፈልግ የገዛ ጢሙ ላይ የሚሸና አውራ ሽታ ነው። ቢያጥቡትም ቶሎ አይለቅም። እኛ ደግሞ አውራ የለንም። ያለን አንድ ሙክት ነው፤ ለገና ላሊበላ ወስደን እንሸጠዋለን ብለን ሚያዝያ ላይ አያ ደርበው ያኮላሹት። እሱም የሚቀለበው ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ወርዶ፣ መስካችን ላይ ካለችው ጎጆ ውስጥ ነው። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከፋሲካ ወዲህ ወርጄ አላውቅም።

በሰፈራችን ያልተኮላሸ አውራ ያላት ወለተ ሩፋኤል ብቻ ናት። ባሏን ፈትታ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ መልኳም አልከዳትም። ቤቷ የት መሰላችሁ? ወደ መስኩ በሚወስደው መንገድ ዳር።

«ይሄ ምን ሽታ ነው?» አልኩት።

«ከፍየሉ ይሆናላ» አለ፣ እግሩን እየታጠበ።

«ሙክት ይሸታል እንዴ?»

ዝም አለ። እውነት ቢኖረው ዝም ይል ነበር? እኔ እንዲያ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ በኋላ ማሽተት ሥራዬ ሆነ። ጋቢውን አሸታለሁ፣ ዱላውን አሸታለሁ፣ ጎንበስ ብሎ ሲበላ ጸጉሩን አሸታለሁ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ሽታው ባሰ። ሁለት ቀን ልጠይቃት የመጣሁ መስዬ ወለተ ሩፋኤል ደጅ ተቀመጥኩ። የኔሰው ሲያልፍ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ አለፈ፤ እሷም ቀና ሳትል «እግዜር ይመስገን» አለች። ቀና ብላ ብታየው እጠረጥራት ነበር፤ ቀና ባለማለቷም ጠረጠርኳት። ምን ታድርግ እንግዲህ?

አያ ደርበውንም ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አርባ ዓመት ሙሉ ሳኮላሽ ኖሬ ዛሬ አንቺ ልትፈትኝኝ?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው ከተቆጡ ደግሞ ፍየሉ በደንብ ተኮላሽቷል ማለት ነው አልኩ።

በመስቀል ማግስት የነፍስ አባታችን አባ ገብረመስቀል ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። እኔው ነኝ የጠራኋቸው።

«ልጄ፣ ሽታ ብቻውን ትዳር አያፈርስም» አሉኝ።

«እንግዲያው መስቀልዎን ይዞ ይማልልኝ፣ አባ። እሷ ቤት እግሬ አልገባም ይበል።»

በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት መሐላ ውስጥ ከገቡ ትዳሩ አለቀ ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ኖረን ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው ይማል ያልኩት፤ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የኔሰው ተነስቶ የአባን መስቀል ተሳለመና ተመልሶ ተቀመጠ። «አባ፣ ይፍቱኝ፣ አልምልም። ከፍየሉ ነው ብያታለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሙክት አይሸትም፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ላስታ ውስጥ የለም። የዚያኑ ዕለት የኔሰው አጎዛውን ጠቅልሎ መስካችን ላይ ወዳለችው ጎጆ ወረደ፣ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ወሬው ምንጭ ድረስ ደረሰ። ወለተ ሩፋኤል ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ይሸሿት ጀመር። አየሁ፣ ደስም አለኝ። አሁን ስናገረው አፍራለሁ።

ጥቅምት ላይ የእንስሳት ሐኪሟ እየሩስ ለክትባት መጣች። የሰፈሩን ጨርሳ «እትዬ ዓይናዲስ፣ ሌላ የቀረ አለ?» አለችኝ። «ታች አንድ ሙክት አለን» አልኩና ዱላ ይዤ አብሬያት ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የወረድኩት የኔሰው ብቻውን መሆን አለመሆኑን ለማየት ነው።

ጎጆው ጋ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ደሜ ፈላ። ወለተ ሩፋኤል አውራዋን እዚህ ድረስ ይዛለት መጣች አልኩና ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ። ውስጥ ግን ማንም የለም። የእኛው ሙክት ብቻ ታስሮ ቆሟል፤ ጢሙ ረጥቧል፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ አየሩን ያሸታል።

እየሩስ ቀንዱን ያዘችና ከሥሩ፣ ከኋላ በኩል፣ በጣቷ አሻሸች። ጣቷን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በኋላ እግሮቹ መሀል ዳሰሰችው።

«ይሄን ሙክት ነው ያለሽ ማን ነው?»

«አያ ደርበው ናቸዋ ያኮላሹት።»

«አንዱን ነዋ። አንደኛው ፍሬ ሲወለድም አልወረደም፤ እዚህ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ የወንድነት ሆርሞኑን ያመነጫል። ሽታው ከቀንዱ ሥር ካለው እጢ ነው፣ እጢውን የሚያሠራው ደግሞ ያ ሆርሞን ነው። በጋ ርቦት ሲከሳ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ እጢውም ይተኛል። ክረምት ገብቶ ሣር ሲጠግብ ይነሳል። ለዚህ ነው ሚያዝያ ላይ ያልሸተታችሁ።»

እዚያው ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ደስታም ነበር፣ ውሸት አልልም፤ ባሌ ባሌ ነው ማለት ነዋ። ግን እንዴት አድርጌ ዓይኑን እንደማየው ጠፋኝ።

የኔሰው ሣር ተሸክሞ ገባ። እየሩስ ነገሩ ስለገባት ውጭ ወጣች። እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ይቅር በለኝ፣ የኔሰው። ፍየሉ ነው። እየሩስ አየችው።»

ሣሩን አወረደ፣ ትከሻውን አራገፈ። ብብቴን ይዞ አነሳኝ። «እኔም ፍየሉ ነው ብዬሽ ነበር» አለ።

«ሙክት አይሸትም ብዬ እኮ ነው።»

«እየሩስ ባትመጣ ኖሮስ?»

አምንህ ነበር ልል ፈልጌ ተውኩት። አላምነውም ነበር። እሱም ያውቀዋል። ፊቴን ትንሽ አየኝና ለፍየሉ ሣሩን ይበትንለት ጀመር።

«ይቅርታውን መጀመሪያ ወለተ ሩፋኤልን ጠይቂያት» አለ። «የእኔ በኋላ ይደርሳል።»

እሺ አልኩ። ዳገቱን ስወጣ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእሷን ስም ለምን አስቀደመ እያልኩ ነበር።