አፌ የማይጠራው ቁጥር

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ እጄ ጠመኔ ይፈልጋል። አባባም ይናፍቁኛል፤ አማቴን ማለቴ ነው።

እኛ ስር በሚባለው ወንዝ ዳር ያለን ካዛኮች ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን የሚመስል ቃልም ከአፏ አይወጣም። የእኔ አማት ደግሞ አልፒስባይ ይባሉ ነበር፤ አልፒስ በእኛ ስልሳ ነው። አያታቸው ስልሳ ሲሞላቸው ስለተወለዱ የወጣላቸው ስም ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የሒሳብ ሰው ሆኜ ስልሳ ማለት አልችልም ነበር።

ቂዚሎርዳ ከተማ መምህርነት ስማር፣ ገና በሁለተኛው ዓመት ዳሩኝ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ግመል ማለብና ሱፍ መፍተል ሆነ። ጠዋት የመንደሩ ትምህርት ቤት ደወል ሲሰማ፣ ሊጥ ላይ በጣቴ ሦስት ማዕዘን እስልና ሰው ሳያየኝ አጠፋዋለሁ። ስንቱን ቀን አለቀስኩ!

በተዳርኩ በሦስተኛው ዓመት የሒሳቡ መምህር ከተማ ገብቶ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ዱይሰን መጥቶ አባባን ለመናቸው። በሁለተኛው ቀን፣ ወንድ መምህር እስኪገኝ ትግባ አሉ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ስልሳን "ሃምሳ ከአስር" እያልኩ አስተማርኩ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ኋላ ለመዱት።

ሦስት ወር ሳይሞላኝ ተቆጣጣሪ መጣ። ዲፕሎማ የላትም ተብሎ ነው፤ ካላሳመንኩት ወደ ግመሎቹ መመለሴ ነው። የመንደሩ ሽማግሎች እንደ ወጉ ከኋላ ተቀመጡ፤ አባባም አሉበት። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ስዬ፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ሃምሳ ከአስር ዲግሪ ነው አልኩ።

ተቆጣጣሪው የከተማ ልጅ ነው፤ ሳቀ። "እንዲህ የሚባል ቁጥር የት ነው የተማርሽው? በትክክል ጥሪው እንጂ።"

መልሼ ሃምሳ ከአስር አልኩት። እስክሪብቶውን አወጣ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ቁጥሩ ጠፍቷት አይደለም፣ የእኔ ስም ሆኖባት ነው። በዪ ልጄ፣ ጥሪው።"

እንዴት አድርጌ? ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና "ስልሳ" አልኩ፤ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። ተቆጣጣሪው ትቀጥል ብሎ ፈረመ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ዱላቸውን እየተመረኮዙ ፈጠን ፈጠን አሉ። ስማቸውን በሰው ፊት በመጥራቴ ተቀይመውኛል ብዬ በኀፍረት ሞትኩ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ፣ ሳይዞሩ፣ "ነገም ትገቢያለሽ አይደል?" አሉኝ።

"እገባለሁ አባባ።"

"እንግዲያው ጮክ ብለሽ በዪው። ከኋላ የተቀመጥነው አልሰማንሽም።"